የአባዬ ሪጎሬ

አባቴ ዶክተር ሱልጣን ሚስባህ በሕይወቱ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው። እኔ ግን እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ ቢያንስ ሁለት መቶ ያገባ ይመስለኝ ነበር። ዝም ብዬም አልነበረም የማምነው፤ ማስረጃ ነበረኝ።

ቤታችን ገርጂ ነው፣ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ። ታች የአባዬ ክሊኒክ፣ ላይ እኛ። ከቤቱ ጀርባ ያኔ አንዲት አቧራማ ሜዳ ነበረች፤ አሁን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሞባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «ንጋት ጤና ቡድን» እዚያች ሜዳ ላይ ይጫወታል። ጤና ቡድን ማለት ሆዳቸው የቀደማቸው፣ ፀጉራቸው የሸሻቸው አባወራዎች «ለጤናችን ነው» እያሉ በየሳምንቱ እግራቸውን የሚሰብሩበት ማኅበር ነው። ተሸናፊ ቁርስ ይጋብዛል። አባዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

እማዬ «ብርድ ይመታሻል» እያለች ስለማታስወጣኝ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ነበር ጨዋታውን የምከታተለው። ትንሽ ጫጫታ ይሰማል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ዶክተር! ዶክተር! ዶክተር!» ይላል። አንድ ብዬ ጣቴን አጥፋለሁ። ቆይቶ ደግሞ «ዶክተር! ዶክተር!» ሲባል ሁለት። አባዬ ላብ በላብ ሆኖ ይመጣና ታኬታውን ሳያወልቅ ቡታጅራ ለአያቴ ይደውላል።

«አባባ፣ ዛሬ ሦስት አገባሁ!»

ሦስት! እኔም የቆጠርኩት ሦስት። ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። «ዶክተር» ተብሎ የሚጮኸው ሰው ሲወድቅ ነበር። አባዬ ማልያውን ለብሶ፣ ታኬታውን አስሮ፣ ጥቁር ቦርሳውን ይዞ ከመስመሩ ውጪ ይቆማል። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞርበት ወይ ጡንቻው ሲሸማቀቅበት እየሮጠ ይገባል። ላቡ የዚያ ሩጫ ላብ ነው። ለአባቱ የሚነግረው የጎል ብዛት የዕለቱ ታካሚዎች ብዛት ነበር። ምስኪን፣ ሲዋሽ እንኳ ቁጥር አይጨምርም!

የሚዋሸው ለምን መሰላችሁ? የሰው አባት ልጁ ዶክተር እንዲሆንለት ሌት ተቀን ዱዓ ያደርጋል። የእኔ አያት ዶክተር ሆነባቸው። ድሬሰር ሚስባህ ይባላሉ፤ በቡታጅራ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ቁስል ያጠቡ፣ መርፌ የወጉ፣ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ የከተማዋን ቡድን ሃያ ሁለት ዓመት ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። አባዬ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው አያቴ ለትልቁ ውድድር ልጆች መረጡ። የቀረቡት አሥራ ስምንት ነበሩ። አሥራ ሰባቱ ተመረጡ። ለአሥራ ስምንተኛው፣ ለገዛ ልጃቸው፣ ፋሻና አዮዲን የሞላበት ጥቁር ቦርሳ ሰጡትና «በል አንተ ይቺን ያዝ» አሉት።

አባዬ ያንን ቦርሳ ይኸው እስከ ዛሬ እንደያዘ ነው። ሕክምና የተማረውም በዚያው ነው። ተመርቆ አሥር ዓመት ቡታጅራ አገለገለና አዲስ አበባ ገባ፤ ገብቶም ግን ቡታጅራን አልለቀቀም። በመንገድ ላይ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ «ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ስኳርሽስ?» ሳይል አያልፍም። ሳሎናችን ውስጥ የዚያ ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። አሥራ ሰባት ልጆች ዋንጫ ከበው ይስቃሉ፤ ጫፍ ላይ አባዬ ቦርሳውን አቅፏል። እኔ ቦርሳው ውስጥ ሌሎች ዋንጫዎች ያሉ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አያቴ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ መጡ። ቀጠሮው ሰኞ ነበር። ሐሙስ ማታ እራት ላይ ሰውዬው ሆዬ አዲስ ነገር ይዘው ብቅ አሉ።

«ቅዳሜ ጨዋታ አለህ አይደል?»

አባዬ ጉርሻው አፉ ላይ ቆመ። «አለ... ግን አባባ፣ ብርድ ነው። ደግሞ እርስዎ በደንብ አያዩም።»

«ቢላ ሊገባብኝ ነው እኮ! አላህ ያውቃል ምን እንደሚመጣ። ሁለት መቶ ጎል በስልክ ሰምቻለሁ፤ አንዲቷን ሜዳ ላይ ሆኜ ልስማት እንጂ።»

«የዓይን ሞራ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው አባባ...»

«ሱልጣን!» አሉት፤ አለቀ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ክሊኒኩ ውስጥ በሩን ዘግቶ የራሱን ቁርጭምጭሚት በፋሻ ሲጠቀልል አገኘሁት። ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ አሁንም ያወፍረዋል። ትልልቅ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ በጣም ተደሰትኩ። ለካ የኔ አባት ለመጎዳት እየተዘጋጀ ነው!

እያነከሰ ወደ ሳሎን ወጣ። «አባባ፣ መጥፎ ዕድል። ደረጃ ላይ እግሬ ዞረብኝ።»

አያቴ ሳይናገሩ እጃቸውን ዘረጉ። አባዬ እግሩን ከማቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው ፋሻውን ፈቱ፤ አጥንቱን ቀስ እያሉ ነኩት፣ ጫን አደረጉት፣ አዞሩት። ሠላሳ ዓመት የስንቱን እግር የነካ እጅ ነው።

«ይሄ እግር ምንም አልሆነም» አሉ። «ፋሻ አታባክን። ቅዳሜ ትጫወታለህ።»

አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ሁሉንም አየች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ «ሰኪና፣ ነይ ሱቅ እንሂድ» አለችኝ።

የሄድነው ጋሽ ፊሊጶስ ጋ ነው። ጋሽ ፊሊጶስ የንጋት አምበል ናቸው፤ ኢምፔሪያል አጠገብ ቀለምና ሚስማር፣ ቧንቧና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። እማዬ ቀለም ልትገዛ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። እኔ ሚስማር የምቆጥር መስዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ስንቴ ነው ወገብዎን አሽቶ ያስነሳዎት ጋሽ ፊሊጶስ? ነገ አንድ ነገር አድርጉለት። አባቱ ፊት እንዳያፍርብኝ!» የሚለውን ብሰማ ኖሮ ሁሉም ይገባኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን የእሳቸውን መልስ ብቻ ነው። ጋሽ ፊሊጶስ ደረታቸውን መትተው «አንቺ ምን አስጨነቀሽ፤ የመውደቁን ነገር ለእኔ ተይው» አሉ። «የሚያስቸግረን የተጋጣሚዎቻችን በረኛ ነው። ፓስተር ነህምያ ነፍሱ ቢወጣ አይዋሽም።»

ደንግጬ ቀረሁ። እማዬ ኳስ እንደማትወድ አውቃለሁ፤ ማልያ ማጠብ ሰልችቶኛል ስትል በየሳምንቱ እሰማለሁ። እና አባዬን ልታስጥለው! በገዛ ባሏ ላይ! ያን ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ ጀርባዋን እያየሁ እንደዚያ የጠላኋትን ቀን አላስታውስም። አሁን ሳስበው እግሯን መሳም ነበረብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አያቴን እጃቸውን ይዤ እየመራሁ ሜዳ ደረስን። ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጩና ጥቁሩ ከመደባለቅ በቀር የሚታያቸው ነገር የለም።

«ሰኪና፣ የዛሬ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ያየሽውን ታስተላልፊልኛለሽ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። የማንንም ልብ አልሰብርም ብለሽ ጎል አትፈጥሪልኝም፤ እሺ?»

«ወላሂ እሺ» አልኩና አላስችል አለኝ። «አባባ... አባዬን ሊጥሉት ነው። እማዬ ናት ያስደረገችው። ጋሽ ፊሊጶስ ‹የመውደቁን ነገር ለእኔ ተይው› ሲሏት በጆሮዬ ሰማሁ።»

አያቴ ወደ ድምፄ ዞሩ። «ሌላስ ምን አሉ?»

«ፓስተሩ አይዋሽም አሉ።»

«እ... ሃ...» አሉና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት። አዘኑ ብዬ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግኋቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ተጋጣሚዎቹ ከኦሎምፒያ የመጡ ናቸው፤ ግማሾቹ የአባዬ ታካሚዎች። በረኛቸው ፓስተር ነህምያ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን አባዬ ያከመላቸው ሰው ናቸው። አባዬ ያለ ቦርሳው ሜዳ መሃል ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋበት ይመስል ነበር። አንዴ ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ የኳስ ቁምጣ ኪስ የለውም።

እኔ ማስተላለፌን ቀጠልኩ። «ጋሽ ፊሊጶስ ኳሷን ለአባዬ ሰጡት። አባዬ እየሄደ ነው! ሁለት ተከላካይ አለ ከፊቱ። አባባ! ፈሩት!»

«እንዴት ፈሩት?»

«አንደኛው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።»

«በጨዋታ መሃል?»

«አዎ። ሁለተኛው ደግሞ ሊያግዘው አብሮት ጎንበስ አለ።»

አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀጥይ የኔ ልጅ፣ ቀጥይ።»

«አባዬ እያለፋቸው ነው... ወደቀ! አባባ፣ ጣሉት! አላልኩም? ዳኛው ሪጎሬ ሰጠ!»

«ማን ነው የጣለው?»

ምን ልበል? ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተብያለሁ። «ማንም አልነካውም። ኳሷን ረግጧት ነው። ከሁሉም ቀረብ ያሉት ጋሽ ፊሊጶስ ናቸው።»

«ፊሊጶስ የእናንተው አምበል አይደለም እንዴ?»

«የእኛ ናቸው።»

«እና ኦሎምፒያዎቹ ዳኛውን ከበው አልጮሁም?»

«አይ። አንደኛው አባዬን ደግፎ አስነሳው። ሌላው ኳሷን አምጥቶ በማልያው ጠረገና ነጥቧ ላይ አስቀመጠለት።»

ይሄኔ አያቴ ሙሉ በሙሉ ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። ብርዱ ነው ብዬ ጫፉን አጠባበቅኩላቸው።

ሜዳው ጸጥ አለ። አባዬ ከኳሷ ኋላ ቆሞ ወደ እኛ አየ። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሦስት መቶ ቀዶ ሕክምና የሠራ ሰው ነው፤ ኳሷን ግን ሦስት ጊዜ አንስቶ መልሶ አስቀመጣት። ጋሽ ፊሊጶስ ጠጋ ብለው «ዶክተር፣ በቀኝህ በኩል ምታ። በቀኝህ!» ሲሉት ሰማሁ።

«ምን ሆነ? ተናገሪ እንጂ!»

«አባዬ ሊመታ ነው... ፓስተሩ ወደቁ! መታ!»

«ቆይ ቆይ። በረኛው የወደቀው ከመመታቱ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት። ወደ ግራቸው ዘፍ አሉ። አባዬ በጣም ስላስፈራቸው ነው። ኳሷም ወደሳቸው እየሄደች ነው።»

«ወደ ወደቀበት?»

«አዎ፤ ቀስ እያለች። አሁንም እየሄደች ነው። ፓስተሩ ተኝተው እያዩዋት ነው። ደረታቸው ጋ ደረሰች... አባባ! እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ! እየጸለዩ ነው! በብብታቸው ሥር አለፈች! ገባች! ገባች! ጎል!»

እንዲህ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ድምፄ ተዘግቶ እስከ ማክሰኞ አልተከፈተም። ሜዳው ቀውጢ ሆነ። አባዬ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ፈዝዞ ቆመ፤ ከዚያ ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡት።

«ተሸከሙት አባባ!»

«እነማን? ንጋቶቹ?»

«ሁለቱም ቡድን። በረኛውም አሉበት።»

አያቴ ከጋቢያቸው ወጡ። ዓይናቸው እንባ በእንባ ሆኗል፤ ሞራው ነው አልኩ በልቤ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና በዝግታ ተናገሩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አሠለጠንኩ። ለእኔ ብሎ አንድ ሰው እንኳ አልወደቀልኝም።»

ያዘኑ መሰለኝ። «የቡታጅራ ልጆች ጠንካሮች ስለሆኑ ነው አባባ» ብዬ አጽናናኋቸው።

አባዬ እየሮጠ መጣና ፊታቸው ተንበረከከ፤ ጉልበቱ በአቧራ ቀልቷል፣ እንደ ልጅ ያለከልካል። «አባባ! አዩልኝ?»

«አየሁ። ጥርት አድርጌ ነው ያየሁት።»

«አባባ...» አለና ጉልበታቸውን ያዘ። «የመጀመሪያዬ ናት። በስልክ የነገርኩዎት ሁሉ... የመጀመሪያዬ ናት ያቺ።»

«የዛሬ የመጀመሪያዬ» ማለቱ መሰለኝ። ሰውየው ግን ያን ደቂቃ የስንት ዓመት ውሸቱን ለአባቱ እያስረከበ ነበር። አንዲት እውነተኛ ጎል ስላገኘ ሁለት መቶውን ለመተው ድፍረት አገኘ። አያቴ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ፤ ቁስል እንደሚፈትሹት ጸጉሩን፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«አውቃለሁ» አሉት። «ያኔ ቦርሳውን ለማን እንደምሰጥም አውቄ ነበር። ይቺን ጎል ግን ማንም ቢጠይቅህ እኔ ምስክርህ ነኝ።»

ቁርሱን ኦሎምፒያዎቹ ጋበዙ። ፉል የሚበላው ሰው ሁሉ አባዬን ጎሉን ደግመህ ንገረን ይለዋል፤ እሱም ይደግማል፤ በሦስተኛው ኳሷ የጎሉ ጥግ ድረስ በርራለች። እማዬ በትልቅ ሳህን እንቁላል ፍርፍር ይዛ መጣች። አኩርፌ አልበላም አልኳት።

ሰኞ አያቴ ሞራቸውን አስገፈፉ። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት የአባዬን ፊት ነው፤ «ሸምግለሃል» አሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ማለዳ ተነስቼ ጫማዬን አድርጌ «አባባ፣ ሜዳ እንሂድ፤ አሁን ራስዎ ያዩታል!» አልኳቸው። አባዬ ቦርሳውን ይዞ በሩ ላይ እንደቆመ ደርቆ ቀረ።

«አይ» አሉ አያቴ፤ ሻያቸውን ፉት እያሉ። «አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይበቃኛል።»

አያቴ ካለፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ለቅሶው ላይ ፓስተር ነህምያ መጡና ድንኳኑ ጥግ ወስደው አስቀመጡኝ። አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

«ሰኪና፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲቆርጠኝ ኖሯል» አሉኝ። «ፊሊጶስን ‹አልዋሽም፤ ወደ ግራዬ ግን እወድቃለሁ፤ መውደቅ ኃጢአት አይደለም› ብዬው ነበር። እሱ ደግሞ ለአባትሽ በቀኝህ ምታ አለው። ፊት ለፊት እንደምንቆም ሁለታችንም ረሳነው! የኔ ግራ የሱ ቀኝ ነው። መጣችብኝ እኮ! እዚያ ድረስ አልዋሸሁም። ክንዴን ማንሳቴ ነው ኃጢአቱ።»

«እና ንስሐ ገቡ?»

«ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ሄጄ ለአያትሽ ነገርኳቸው። ‹ልጅቷ ነግራኛለች› አሉኝ። ‹ደግሞ አንተ ፓስተር፣ እየጸለይክ ነበር ነው ያለችኝ። በዚያው እንያዘው።›»

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲያ ተሳቆ አያውቅም። ከዚያ አለቀስኩ።

እኔ ዛሬ በሬዲዮ ኳስ አስተላልፋለሁ። የመጀመሪያ አድማጬ እሳቸው ነበሩ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ በመናገር እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ አንዴ የጎል አግቢ ስም ተሳስቼ ሳምንት ሙሉ ተሰድቤያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ክሊኒኩ ጎራ አልኩ። አባዬ ስልሳ ሰባት ሞልቶታል፤ መጫወቱን ትቷል፣ ማለቴ መቆሙን። አንድ እግሩ በፋሻ የተጠቀለለ ወጣት ተጫዋች አልጋ ላይ አስተኝቶ ያቺን ሪጎሬ እየተረከለት ነው። ኳሷ አሁን ከሃያ ሜትር በላይ ነው የምትመታው። እማዬ የካርድ መዝገቡን እያስተካከለች አንገቷን ደፍታለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም።

«አላመንከኝም?» አለው አባዬ። «ይቺ ልጄ ናት፤ በሬዲዮ የምትሰማት። ያን ቀን ያስተላለፈችው እሷ ናት። በይ ንገሪው ሰኪና፤ ኳሷ ወዴት፣ በረኛው ወዴት?»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ልጁም ያየኛል። አባዬ ያን ጠዋት ከኳሷ ኋላ ቆሞ ወደ እኛ እንዳየው አድርጎ ነው የሚያየኝ።

«ኳሷ በቀኝ፣ በረኛው በግራ» አልኩ። «ጭራሽ አልተገናኙም።»

እኔም ወደቅኩለት።